ከካርታው በፊት መሬቱን መጠየቅ

ክረምቱ ሲወጣ ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱ ደብዳቤዎች ስለ ስንጥቅ፣ ስለ ናዳና ስለ ጎርፍ ይበዙባቸዋል፤ ዘንድሮም እንዲሁ ሆኗል። አዲስ መሬት ለግንባታ ከመፈቀዱ በፊት ስለ አፈሩ፣ ስለ ተዳፋቱና ስለ አካባቢው ምን ሊታወቅ እንደሚገባ ከጠየቁን መካከል ስድስቱን መርጠናል። መልሱን የሰጡን በመሠረት ሥራና በአፈር ምርመራ ላይ ረጅም ዓመታት ያሳለፉ መሐንዲስ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ ለቡ አካባቢ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ከሠራሁ አራት ዓመት ሆነኝ። በበጋ ከመስኮቶቹና ከበሮቹ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መልሶ ይገጥማል። ከአጥሬ ማዶ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግን ምንም አልሆነም። ያማከርሁት ግንበኛ «ሲሚንቶ አሳንሰውብህ ነው» ይለኛል። እውነት ነውን? በግቢው ቀሪ ቦታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ለመሥራት ስላሰብሁ የአፈር ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነም ንገሩኝ።

መልስ፦ ቤቱን ሳላይ ስለ ሲሚንቶው መፍረድ አልችልም፤ ነገር ግን ስንጥቁ ከወቅት ጋር የሚከፈትና የሚገጥም መሆኑ ጥርጣሬዬን ከግድግዳው ወደ መሬቱ ይወስደዋል። ሲሚንቶ ያነሰው ግድግዳ አንዴ ከተሰነጠቀ ክረምት መጣ ብሎ አይገጥምም። በአዲስ አበባ ደቡባዊና ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም በቦሌ፣ በአቃቂ፣ በቃሊቲና እርስዎ ባሉበት በለቡ በኩል፣ ሰፊው መሬት ገበሬው ዋልካ፣ መሐንዲሱ ደግሞ ጥቁር የጥጥ አፈር በሚለው አፈር የተሸፈነ ነው፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጡ ቀይ አፈርና አለት ይበዛል። ዋልካ በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር በመሆኑ፣ በግንቦት እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የነበረበት ሜዳ በሐምሌ ተነፍቶ ልሙጥ ይሆናል። ቤትዎ የተቀመጠው በዚህ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ከወለሉ መካከል ሥር ያለው አፈር ስለተሸፈነ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ በጠርዙ በኩል ያለው ግን በጋ ሲገባ ይደርቅና ይወርዳል፣ ግድግዳውም በደከመበት ቦታ፣ ይኸውም በመስኮትና በበር ማዕዘን፣ ይከፈታል።

የጎረቤትዎ ሕንፃ ያልተሰነጠቀው ስለከበደና መሠረቱ ስለጠለቀ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ዋልካ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ባለ አንድ ወለል ቤት ወደ ታች ከሚጫንበት ክብደት ሊበልጥ ይችላል፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግን ግፊቱን በክብደቱ ይቋቋመዋል፣ ወይም መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ አፈር ላይ አርፎ ይሆናል። ብዙ ሰው «ትንሽ ቤት ስለሆነ የአፈር ምርመራ አያስፈልገውም» ሲል የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዋልካ ላይ አብዝቶ የሚጎዳው ቀላሉ ቤት ነውና።

ላለው ቤት ከሁሉ አስቀድመው ውሃውን ይቆጣጠሩ። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከመሠረቱ ርቆ ይፍሰስ፤ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሰፋ ያለ የአርማታ ንጣፍ ይደረግ፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የሴፕቲክ ታንክ ካለ ይጠገን። ባሕር ዛፍ በግድግዳው አጠገብ ከተተከለ አፈሩን ከልክ በላይ እንደሚያደርቅም አይርሱ። ስንጥቁን ግን በበጋ፣ አፉን በከፈተበት ጊዜ፣ በጠንካራ የሲሚንቶ ሞርታር አይድፈኑት፤ ክረምት ሲመጣ መግጠሚያ ያጣው ግድግዳ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል።

ስለ አዲሱ ቤት፦ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። ባለ አንድ ወለል ሆኖ የተሸካሚዎቹ ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠው በምድብ ሀ፣ ከዚያ የሚሰፋው ወይም ፎቅ ያለው በምድብ ለ፣ የሕዝብ መገልገያው፣ ፋብሪካው ወይም ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጠው በምድብ ሐ ይመደባል። በዚያ አዋጅ አከፋፈል የእርስዎ በምድብ ለ ይወድቃል። በወረዳዎ ያለው የሕንፃ ሹም ወቅታዊውን መስፈርት ይነግርዎታል፤ እኔ ግን ባይጠየቁም እንኳ እንዲያስመረምሩ እመክራለሁ። ቀላሉ የላብራቶሪ ሙከራ እንዲህ ነው፦ የደረቀና የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር አፈር 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የመለኪያ ሲሊንደር ውሃ ውስጥ ይጨመርና በ24 ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንዳበጠ ይነበባል። መጠኑ በእጥፍ ካደገ፣ ማለትም እብጠቱ 100 በመቶ ከደረሰ፣ ለቀላል ቤት አደገኛ አፈር ነው፤ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ብዙ አያሰጋም። ከዚያ በኋላ ዋልካውን ቆርጦ በገረጋንቲ መተካት ይሻል እንደሆን፣ ወይም ወደ ጠንካራው አፈር መውረድ፣ ወይም በጠቅላላው ወለል ሥር አንድ ወጥ የአርማታ መሠረት ማንጠፍ ይወሰናል። ገረጋንቲ ሲሞላ የሚፈጸመውን አንድ ስሕተት ግን ላንሣ፤ በዋልካ ውስጥ የተቆፈረና ውሃ በሚያሳልፍ ሙሌት የተሞላ ጉድጓድ ማፍሰሻ ካልተሠራለት ክረምቱን ሁሉ ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ዋልካም ከዚያ ገንዳ እየጠጣ ያብጣል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት የአፈር ምርመራ አስደርጓል። ሪፖርቱን ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነው። ስሙን ለውጬ ብጠቀምበት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ለማንበብ ይጠቅምዎታል፤ የእርስዎ ነው ብሎ ለማቅረብ ግን አይሆንም። በአሥር ሜትር ርቀት ውስጥ የዋልካው ውፍረት በእጥፍ የሚለያይባቸው፣ አንዱ ግቢ አለት ላይ ሆኖ ቀጥሎ ያለው በአሮጌ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ሙሌት ላይ የተቀመጠባቸው ቦታዎች አሉ። አንድ ጊዜ ለግምገማ የቀረበልኝ ሪፖርት በሽፋኑ ላይ የባለቤቱን ቦታ ስም ይዞ በውስጡ ግን ስለ ሌላ ከተማ ቀይ አፈር የሚተርክ ነበር፤ ቦታው ላይ ሄጄ ስመለከት የመጣሁበት ጫማ በጥቁር ጭቃ ተውጦ ቀረ። የተቀዳ ሪፖርት ምርመራ ካለመደረጉ የከፋ ነው፤ ያልተመረመረ መሬት ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ቢያንስ ይጠነቀቃል፣ የሐሰት ቁጥር የያዘው ግን ተማምኖ ይሠራል።

ሪፖርቱ እውነተኛ መሆኑን ባለሙያ ሳይሆኑም ማወቅ የሚችሉበት መንገድ አለ። ቁፋሮው ሲካሄድ ቦታው ላይ ይገኙ። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ብረቱ ወደ አፈሩ 30 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ስንት ጊዜ እንደመታ ሲቆጠር ይመልከቱ፤ ቁጥሩን በማስታወሻ ይያዙና ሪፖርቱ ሲመጣ ያስተያዩት። የጉድጓዶቹ ቦታ በሳይት ፕላኑ ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ከጉድጓዱ የወጣው ናሙናም በሳጥን እንዳለ ፎቶግራፍ ይነሣ።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። አገር ቤት ካሉ ዘመዶቻችን ጋር የቤት ሥራ ማኅበር አቋቁመን በከተማ ዳርቻ መሬት ልናገኝ ነው። በላኩልን ፎቶግራፍ ላይ መሬቱ ከላይ ሜዳ ሆኖ ወደ ታች ወደ ወንዝ ይወርዳል። ኮሚቴው «አስቀድመን ዕጣ እናውጣ፣ እያንዳንዱ ሲሠራ የየራሱን አፈር ያስመርምር» ይላል። እኔ በምኖርበት አካባቢ ግን የአፈርና የጎርፍ ጥናት ሳይቀርብ መሬት ተሸንሽኖ አይፈቀድም። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ የኮሚቴው ሐሳብ ግማሹ ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የመሠረት ምርመራ ያስፈልገዋል። ተዳፋቱ ግን የማንም ዕጣ አይደለም። ኮረብታ በሸንሻኞች መስመር ተከፍሎ አይቆምም፤ እንደ አንድ አካል ይቆማል፣ እንደ አንድ አካል ይንሸራተታል። ከታች ያለው አባል ግቢውን ለማስተካከል የተዳፋቱን እግር ሦስት ሜትር ይቆርጣል፤ ከላይ ያለው የተቆረጠ አፈር አምጥቶ ጠርዙ ላይ ይሞላና ቤት ይጭንበታል፤ መካከል ያለው የጣሪያውንና የሴፕቲክ ታንኩን ውሃ ወደ መሬት ይለቃል። የሦስቱንም ፕላን ለየብቻ የተመለከተ ባለሥልጣን ጥፋት ላያገኝባቸው ይችላል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ግን እግሩን የነሡትን፣ ራሱን የጫኑትንና ሆዱን በውሃ የሞሉትን ተዳፋት ይሰጡናል። ስለዚህ የመሬቱ ጠቅላላ ጥናት ከሽንሸናው መቅደም አለበት፤ ዕጣ ከወጣ በኋላ «ይህ ክፍል አይገነባበትም» የሚል ውጤት ቢመጣ ቦታው የደረሰው አባል ይከስራል ወይስ ማኅበሩ ይከፍለዋል? ብዙ ማኅበር የተጣላው በዚህ ነው።

ተዳፋት በድንገት የሚወርድ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ። ዝናቡ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲጠራቀም ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ አፈሩን እርስ በርስ ያያዘውን ሰበቃ ይቀንሰዋል፤ ክብደቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ምልክቶቹን የሚያውቅ ሰው በእግሩ ሲዞር ያያቸዋል፦ ከሥራቸው ጎብጠው ወደ ላይ የቀኑ ዛፎች፣ ያዘነበሉ የአጥርና የመብራት እንጨቶች፣ እንደ ደረጃ የተሰበረ ሣር፣ በተዳፋቱ ግርጌ ያለ ቦታው የሚፈልቅ ምንጭ። ዘመዶችዎ መሬቱን በጥር ብቻ አይተው አይመለሱ፤ በነሐሴ መጨረሻ ይሂዱ። የአካባቢውን አዛውንቶችም ይጠይቁ፤ የት እንደተናደና ወንዙ እስከየት እንደወጣ ከማንኛውም ካርታ አብልጠው ያውቃሉ።

ይህ ለማስፈራራት የተጻፈ አይደለም፤ የሆነውን እናውቃለን። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተዘረጋችው ደሴ ለብዙ ዓመታት ከመሬት መንሸራተት ጋር ስትታገል ኖራለች። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው የደረሰባቸው ነበሩ። ወንዝን በተመለከተም ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። ደቻቱ በበጋ ሰው የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። «ይህ ወንዝ እኮ ውሃ የለውም» የሚል ሻጭ ወይም ደላላ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስቡ። ደግሞም ተዳፋት ማለት የተፈጥሮ ኮረብታ ብቻ አይደለም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተደረመሰው የቆሻሻ ክምር ሰው ያከማቸው ተዳፋት ነበር፤ ከሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመሬታችሁ ውስጥ የተሞላ ቦታ ካለ በምንና መቼ እንደተሞላ ይጣራ።

ጥናቱ ምን መያዝ እንዳለበት ለኮሚቴው በጽሑፍ ይላኩለት። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ በመስመር የተነሣበት ካርታ ይኑረው። የምርመራ ጉድጓዶቹ ሜዳው ላይ ብቻ ሳይሆኑ ከተዳፋቱ አናት እስከ እግሩ ይሰለፉ፤ ሊንሸራተት ይችላል ከሚባለው ንብርብር በታችም ይድረሱ። የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ቢያንስ አንድ ጊዜ በክረምት ይነበብ። መሐንዲሱ አፈሩ ሊይዝ የሚችለውን ኃይል ሊያወርደው ለሚችለው ኃይል አካፍሎ የሚያገኘው የደኅንነት ልክ ለቋሚ ተዳፋት በተለመደው አሠራር ከ1.5 ባያንስ ይመረጣል፤ ይህም በደረቅ አፈር ሳይሆን በራሰው ሲሰላ ነው። የወንዙ የጎርፍ መስመር በካርታው ላይ ይሰመር።

ከጥናቱ በኋላ ፈቃዱ ከሁኔታ ጋር ቢሰጣችሁ አትከፉ፤ እንዲያውም ፈልጉት። እኔ ብሆን ከሚከተሉት አንዱም እንዲቀር አልስማማም፦ ከወንዙ ዳርና ከተዳፋቱ ጠርዝ የተወሰነ ርቀት ከግንባታ ነፃ ሆኖ በሣርና በዛፍ ይሸፈን፤ የዝናብ ውሃ መውረጃውና ደጋፊ ግንቡ ከመጀመሪያው ቤት በፊት ተሠርተው ይጠናቀቁ፤ ግንቡም ከኋላው የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጡ ቀዳዳዎችና የጠጠር ማጣሪያ ይኑሩት። ውሃ መውጫ የሌለው ግንብ ሲገነባ ያማረ፣ በሦስተኛው ክረምት የጎበጠ ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለ ፍሳሽም አንድ ነገር፦ ዋልካ ውሃን ወደ ውስጥ አያሰርግም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በዋልካ ላይ የተቆፈረ ማስረጊያ ጉድጓድ ወራት ሳይቆይ ሞልቶ ወደ ጎረቤት ይፈስሳል። ብዙ አባላት ያሉት ማኅበር ይህን ችግር በየግቢው ከመፍታት ይልቅ የጋራ ማጣሪያ ቢያስብ ይሻለዋል።

ወጪውን በተመለከተ በውጭ ያሉት አባላት ድምፅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ገንዘብ ላኩ ስትባሉ የመጀመሪያው መዋጮ ለጥናት እንዲውል፣ የጥናቱም ሪፖርት ለአባላት ሁሉ እንዲደርስ በመተዳደሪያ ደንቡ አስገቡት።

ጥያቄ፦ አዳማ ነው የምኖረው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ ሌሊት ሲነቀንቀን ቆይቷል። መሬት ሲፈቀድ ይህ ይታያልን?

መልስ፦ መታየት አለበት። ስምጥ ሸለቆው ዛሬም እየተለያየ ያለ መሬት ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ማፍረሱን የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም አሉ። የአገሪቱ የሕንፃ ኮድ ሕንፃ የሚሠራበትን ቦታ ከላይኛው 30 ሜትር የአፈሩ ባሕርይ አንጻር ይመድባል፤ ልል የሆነ ወፍራም አፈር የመንቀጥቀጡን ሞገድ አጉልቶ ለሕንፃው ያቀብለዋል፣ አለት ግን ያን ያህል አያጎላም። ስለዚህ የአፈር ምርመራችሁ የመሸከም አቅምን ብቻ ሳይሆን የቦታውን ምድብ ጭምር ይግለጽ። በእናንተ በኩል ሌላም የሚታይ አለ፦ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በእሳተ ገሞራ አመድ በተሸፈኑ ሜዳዎች ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ረጅም ስንጥቅ ሲፈጥር ይታያል፤ በእንዲህ ያለው መስመር ላይ ወይም በአጠገቡ ቤት አይሠራም። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ መተሐራ ላይ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቷል፤ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱንም ሲፈታተን ኖሯል። በሐይቅ ዳር መሬት የሚጠይቅ ሰው የዛሬውን ዳርቻ ብቻ አይመልከት።

ጥያቄ፦ እኛ በአቃቂ በኩል የምንኖር ጎረቤታሞች ነን። ከሰፈራችን አጠገብ በሰፊ መሬት ላይ የመኖሪያ ሕንፃዎችና ከነሱ ጋር የተያያዙ ማምረቻዎች ሊሠሩ መሆኑን ሰማን። አልሚው «የአካባቢ ጥናቱን ጨርሻለሁ» ይላል፤ እኛን ግን የጠየቀን የለም። ጥናቱን ማየት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት የአካባቢ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሳይሰጠው ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል፤ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይህ ፈቃድ መኖሩን ሳያረጋግጥ የራሱን እንዳይሰጥ ያዛል። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይ ተፅዕኖው የሚያርፍባቸው ነዋሪዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ይደነግጋል። ባለሥልጣኑ አስተያየቱን ከመረመረ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ሦስት ዓይነት ውሳኔ መስጠት ይችላል፦ ያለ ገደብ ማጽደቅ፣ ከሁኔታዎች ጋር ማጽደቅ፣ ወይም መከልከል። ከዚህም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ የማድረግን ግዴታ አስፍሯል።

ሪፖርቱን ስታገኙ ከመቶ ገጽ በላይ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። ስለ አየር ንብረቱና ስለ አገሪቱ ዕፅዋት የሚተርከውን ክፍል እለፉት፤ ብዙውን ጊዜ ከሌላ የተገለበጠ ነው። በቀጥታ ወደ ውሃው ሂዱ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፍ ያለ ድርሻ የሚቀዳው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው፤ ውሃው ያለበት ቀዳዳማና የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ አለት ደግሞ ንጹሑን ውሃ እንደሚያስተላልፍ ሁሉ ብክለቱንም ያስተላልፋል። ስለዚህ ጥናቱ ከእነዚህ ጉድጓዶች የቦታውን ርቀት፣ የውሃውን ፍሰት አቅጣጫ፣ የነዳጅና የኬሚካል ማከማቻው ወለል ምን እንደተነጠፈበትና ፍሳሹ የት ተጣርቶ የት እንደሚለቀቅ ካልነገራችሁ ጎደሎ ነው። ቀጥሎም የዝናቡን ውሃ ተመልከቱ፤ ሰፊ ሜዳ በአስፋልትና በጣሪያ ሲሸፈን ይሰርግ የነበረው ውሃ ሁሉ ወደ ሰፈራችሁ ይወርዳል።

አስተያየታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበትን ማኅተም ያዙ። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለባለሥልጣኑ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ሳይፈቀድ የጀመረ ወይም በሪፖርቱ የሐሰት መረጃ ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። በእኔ እምነት ይህ መጠን በዛሬ ዋጋ ለትልቅ አልሚ ተጨማሪ ወጪ እንጂ ቅጣት አይባልም፤ የሚያስፈራው ፈቃዱ መታገዱ ነው፣ አዋጁም ሁኔታዎቹ ካልተፈጸሙ ለዚያ በር ከፍቷል። ፈቃድ ማግኘት በኋላ ለሚደርስ ጉዳት ከተጠያቂነት ነፃ እንደማያደርግም በሕጉ ተጽፏል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ከጸደቀም በኋላ የተሰጡትን ሁኔታዎች ዝርዝር ቅጂ ጠይቁና ያዙ፤ ክትትሉ ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሲተው እንደሚላላ አይቻለሁ፤ በየወሩ ፎቶግራፍ እያነሣ ደብዳቤ የሚያስገባ ሰፈር ግን ይሰማል።

ጥያቄ፦ ከግድግዳዬ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ጎረቤቴ ለቤዝመንት በኤክስካቫተር እየቆፈረ ነው፤ አሁን አምስት ሜትር ያህል ወርዷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ይንቀሳቀሱ። ቆፋሪው የጎረቤቱን ንብረት የመጠበቅ ግዴታ በሕንፃ ሕጉ ላይ ተጥሎበታል፤ ስለዚህ ለወረዳው የሕንፃ ሹም በጽሑፍ አመልክተው የቁፋሮው ድጋፍ ንድፍ መጽደቁን ይጠይቁ። ሹሙ እስኪመጣ ድረስ በእርስዎ በኩል የሚሠራ ነገር አለ። ያሉትን ስንጥቆች ሁሉ ከነቀናቸው ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀጭን የጀሶ ወይም የመስታወት ቁራጭ በማጣበቅ ስንጥቁ መስፋቱን በየጠዋቱ ይመልከቱ፤ ቁራጩ ከተሰበረ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ የሚፈስሰውን የቤትዎን ውሃ ያቁሙ፤ የቁፋሮው አፈር በጠርዙ ላይ እንዳይከመር፣ ከባድ መኪናም እንዳይቆምበት ጎረቤትዎን ይጠይቁ። በጠርዙና በግድግዳዎ መካከል ባለው መሬት ላይ ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካዩ ግን ጀሶውን አይጠብቁ፤ ቤተሰብዎን በዚያ በኩል ካለው ክፍል ያውጡና ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ ይደውሉ።